ልጅ ያልወለዱ መምህር ተዝካር በማን ይወጣል?

የጣና ዳር ተማሪ (ክሩን የጀመረ)

ሰላመ እግዚአብሔር ለሁላችሁ ይሁን። በልጅነቴ ከጣና በስተ ደቡብ ባለ አንድ የገጠር ደብር ቅኔ ያስተማሩኝ የኔታ ካረፉ በመጪው ጥቅምት ሰባት ዓመት ይሞላል። መነኩሴ ስለነበሩ ልጅ አልወለዱም፤ ወንድሞቻቸውም ቀድመዋቸው አልፈዋል። አርባቸውንና ሙት ዓመታቸውን ደብሩና የአካባቢው ገበሬ ተጋግዞ አውጥቶላቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን እኛ ተማሪዎቻቸው ስማቸው ሲነሣ «ነፍስ ይማር» ብለን ከማለፍ በቀር ያደረግነው ነገር የለም።

የኔታን ለማታውቁ ጥቂት ልበል። ጉባኤያቸው ከአንዲት ዋርካ ሥር ነበር። የጎጃምን ቅኔ ቤት የቀመሰ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ግሱና አገባቡ ከተነገረ በኋላ ተማሪው ለብቻው ዞር ብሎ ቅኔውን ቈጥሮ (ደርሶ ማለት ነው) ይመጣና ለመምህሩ ነግሮ ያሳርማል። የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ዐይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡ ነበር። ቅኔው ሲሰበር አይቈጡም፤ «እንደ ገና ቍጠራት» ብቻ ይላሉ። ቍራሽ ልመና ሲዞር ውሻ የነከሰውን ልጅ ቍስሉን በእጃቸው ያጥቡ ነበር፤ ለእርሳቸው ከመጣው እንጀራም አኵፋዳው ባዶ ለሆነው ከፍለው ይሰጣሉ። ከእርሳቸው ጉባኤ የወጣን ሰዎች ገሚሶቻችን ካህናትና መምህራን ሆነናል፤ ገሚሶቻችን ደግሞ እንደ እኔ በባሕር ዳር ቢሮዎችና ሱቆች ተበትነናል።

ስለ ሰባት ዓመቱ ስንመክር ሐሳባችን ተከፋፈለ። አንዱ ወገን «ዳስ ይጣል፣ በሬ ይታረድ፣ አገሩ ተጠርቶ ይብላ፤ ልጅ ቢኖራቸው ኖሮ ያደርግላቸው ነበር» ይላል። ሌላው ገንዘቡ ለደብሩ ሕንጻ ይሰጥ ባይ ነው። ከመካከላችን አንዱ ደግሞ «ሰባት ዓመት ካለፈ በኋላ እግዚአብሔር የፈረደውን እኛ ምን እንጨምርበታለን?» ብሎ ጠየቀ፤ መልስ የሰጠው ሰው አልነበረም። እኔ በበኩሌ በሬ ማረዱ ላይ ልቤ አይሄድም፤ ይሁን እንጂ ለማስረዳት ስሞክር ንፉግ እመስላለሁ። በዚህ ነገር የደረሰባችሁን፣ ያያችሁትንና የተማራችሁትን ብታካፍሉኝ ደስ ይለኛል።


ወለተ ኪዳን

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ የየኔታን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን። እኔ የምጽፈው ከቤቴ ካየሁት ነው። የእናቴን አርባ ያወጣነው በብድር ነበር። ጎረቤትና ዘመድ ምን ይለናል በሚል ስጋት ድንኳኑ ሰፋ፣ ጠላው በዛ፣ በሬው ተጨመረ። እናቴ በሕይወቷ ሳለች ጠዋት ጠዋት በራችን ላይ ለሚቆሙ ነዳያን እንጀራ ሳትሰጥ ቀኑን የማትጀምር ሴት ነበረች፤ በተዝካሯ ቀን ግን እነዚያው ነዳያን ከአጥሩ ውጭ ቆመው ትራፊ ሲጠብቁ፣ ከውስጥ የተቀመጠው በቤቱ በቂ ያለው ሰው ነበር። ጌታ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግብዣ ስታደርግ ብድራት መመለስ የሚችሉትን ሳይሆን ድሆችንና አንካሶችን፣ ዕውሮችንም ጥራ ያለውን ቃል ያን ቀን አንድም ሰው አላነሣውም። ከዚያ በኋላ ዕዳው ወንድማማቾቹን አጣልቶ ለረዥም ጊዜ እንደተኳረፉ ቆዩ።

ሙት ዓመቷን ግን በሌላ መንገድ አደረግነው። በደብራችን አስቀደስን፤ ዳቦና ንፍሮ አዘጋጅተን በደጀ ሰላሙ ለነበሩት አቀረብን፤ የቀረውን ጤፍና ዘይት በጀልባ ለእንጦስ ኢየሱስ መነኮሳይያት ላክን። የወንዶች ገዳም የሆነውን ክብራን ገብርኤልን ግን ሴት ስለማትገባበት ከጀልባው ላይ ሆኜ ተሳለምሁ። ሐሜት አልቀረልንም፤ «እናታቸውን በንፍሮ ሸኟት» ተብለናል። ሆኖም ያን ዕለት ከበሉት መካከል እናቴን በስሟ የሚያውቋት ነበሩ፤ ምን እንደሰጠቻቸውም ይናገሩ ነበር። እኔ ከአርባው ግርግር ይልቅ የማስታውሰው ይህን ነው። እናንተም ንፉግ ትባሉ ይሆናል፤ ይባል።


ቀሲስ ዘጣና

ለሁላችሁም ሰላም ይሁን። ጥያቄው ሁለት ነገር አለው፤ መታሰቢያው ለምን ይደረጋል የሚለውና ማን ያድርገው የሚለው። ሁለተኛው ቀላል ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የመምህር ልጅ ማለት ተማሪው ነው። መነኩሴም ገዳሙና ያስተማራቸው ይዘክሩታል እንጂ የሥጋ ወራሽ ስለሌለው ሳይታሰብ አይቀርም። ስለዚህ «ልጅ ቢኖራቸው» የሚለው አነጋገር ከመሠረቱ አያስፈልግም፤ ልጆቹ እናንተ ናችሁ።

ወደ መጀመሪያው ስንመለስ፣ ቀኖቹ እንዲሁ በልማድ የመጡ አይደሉም። ሣልስቱ የጌታን ሦስተኛ ቀን ትንሣኤ ያስባል። ሰባቱ ዮሴፍ ለአባቱ ለያዕቆብ ሰባት ቀን ማልቀሱን ይከተላል። ሠላሳው እስራኤል ለአሮንም ለሙሴም ሠላሳ ቀን ማልቀሳቸውን ያስታውሳል። አርባው ጌታ ከትንሣኤው በኋላ በአርባኛው ቀን ማረጉን ያስባል፤ አርባና ሰማንያውን ደግሞ ሊቃውንቱ በመጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በአርባ፣ ሔዋን በሰማንያ ቀን ወደ ገነት መግባታቸው ከተጻፈው ጋር ያያይዙታል። መንፈቁ፣ ሙት ዓመቱና ሰባት ዓመቱ ይከተላሉ። በእነዚህ ቀናት ዋናው ነገር ጸሎተ ፍትሐቱ፣ ቅዳሴውና ምጽዋቱ ነው። ድግሱ ምጽዋት የሚሆነው የተራበ ሲበላው ነው፤ የጠገበ ጠግቦ ሲበላው ግን ግብዣ እንጂ ምጽዋት አይባልም፤ ግብዣ ማድረግ በራሱ ኃጢአት ባይሆንም ስሙን መለየት ይገባል።

ብዙ ሰው ያላስተዋለው አንድ ነገር ልጨምር። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት ስለማይደረግ በሆሣዕና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ለቆመው ሕዝብ ሁሉ ፍትሐት ይደረጋል። ዘንባባ በግንባሩ አስሮ የመጣ ሰው፣ በዚያ ሳምንት ቢሞት የሚጸለይለትን ጸሎት በሕይወቱ ቆሞ ይሰማል። ባሕር ዳር ጊዮርጊስም ሆነ በሌሎቹ አጥቢያዎች ይህን ስታዩ ልብ በሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ሙታንን የምታስበው ሕያዋን ከእነርሱ ጋር አንድ ጉባኤ መሆናቸውን ይዛ ነው። የቅዱስ ያሬድ መዋሥዕትም ከአምስቱ የዜማ መጻሕፍቱ አንዱ ሆኖ ለዚህ አገልግሎት የተሠራ ነው፤ ምስክሩም (መምህራኑ የሚመረቁበት ጉባኤ ቤት) ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ፣ በደቡብ ጎንደር ባለው በዙር አምባ ነው። አንድ ሙሉ የዜማ መጽሐፍ፣ አንድ ሙሉ ጉባኤ ቤት ለሙታን መታሰቢያ መሰጠቱን አስቡት።

«እግዚአብሔር የፈረደውን ምን እንጨምርበታለን?» ለሚለው ወንድማችን፦ ቤተ ክርስቲያን ፍርድን እለውጣለሁ አትልም፤ ምሕረትን ትለምናለች። ቅዱስ ጳውሎስ በእስራቱ ስለጠየቀው ስለ ሄኔሲፎሩ በዚያን ቀን ከጌታ ምሕረትን ያገኝ ዘንድ ለምኗል። ያለ ንስሓ ለሞተ ሰው ተዝካር መተኪያ ይሆናል ብሎ የሚያስተምር ካለ ግን ተሳስቷል።

አንድ ጥያቄ አለኝ። የኔታ ሥጋ ወደሙ ሲቀበሉ የሚጠሩበት ስም ማን ነበር? ለጸሎቱ የሚያስፈልገው እርሱ ነው።


የጣና ዳር ተማሪ

አባታችን፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። በጥያቄዎ አፈርሁ ልበል? የዓለም ስማቸውን አገሩ ያውቀዋል፤ የምንኵስና ስማቸውን ግን ከጓደኞቼ የጠየቅኋቸው ሁሉ አላወቁትም። ሁላችንም «የኔታ» ነው የምንላቸው። ደብሩ ሄጄ እጠይቃለሁ።


ወንጌላዊ ከባሕር ዳር

እኔ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አባል ነኝ፤ በዚህ ክር ለመግባት ጥቂት አመንትቼ ነበር። ማንንም ለማስቈጣት አልጽፍም። እኛ ለሞቱት አንጸልይም፤ ለሰው አንድ ጊዜ መሞት፣ ከዚያም በኋላ ፍርድ እንደተመደበ በዕብራውያን ምዕራፍ 9 የተጻፈውን እንዳለ እንወስደዋለን። ቀሲስ የጠቀሱት የሄኔሲፎሩ ነገርም ሰውየው ያን ጊዜ ሞቶ ነበር ብሎ በግልጽ አይናገርም፤ ስለዚህ ለእኔ ማስረጃ አይሆነኝም።

ነገር ግን ማሰብ የሚባለው ነገር ለእኛም ትእዛዝ ነው። በዚያው መልእክት ምዕራፍ 13 ላይ «የእግዚአብሔርን ቃል የተናገሩአችሁን ዋኖቻችሁን አስቡ፥ የኑሮአቸውንም ፍሬ እየተመለከታችሁ በእምነታቸው ምሰሉአቸው» ተብሏል። እኔን መጽሐፍ ቅዱስ ያስተማሩኝ አዛውንት ሲያርፉ ባለቤታቸው አበባ እንዳይመጣ ለመኑ። በመታሰቢያው ቀን ከእርሳቸው የተማርነው ሁሉ እየተነሣን አንድ አንድ ነገር ተናገርን። ውዳሴ እንዳይሆን የሚመራው ሽማግሌ አስቀድሞ አስጠንቅቆ ነበር፤ «ደግ ነበሩ አትበሉ፤ ምን እንዳደረጉላችሁ ተናገሩ» ብሎ። አንዱ የትምህርት ቤት ክፍያውን እንደከፈሉለት፣ ሌላው ታስሮ በነበረ ጊዜ ምግብ እየያዙ ይጠይቁት እንደነበር፣ አንዲት ሴት ደግሞ ማንበብ እንዳስተማሯት ተናገሩ። ባለቤታቸው ግማሹን ያን ዕለት ነው የሰሙት።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ጣቢታ በሞተች ጊዜ መበለቶቹ ለጴጥሮስ እያለቀሱ ያሳዩት ነገር እርስዋ ያደረገቻቸውን ልብሶች ነበር። ስለ እርስዋ ንግግር አልተደረገም፤ የሰፋችው ልብስ ተዘረጋ። እናንተም ከጸሎቱ ጋር ባልስማማም፣ ከየኔታ የተቀበላችሁትን የምትዘረጉበት ጊዜ ቢኖራችሁ መልካም ይመስለኛል።


ቀሲስ ዘጣና

ወንድሜ ወንጌላዊ፣ በጨዋነት ስለጻፉ አመሰግናለሁ። ስለ ሄኔሲፎሩ ያሉት የቆየ ክርክር ነው፤ እኛ የምንረዳው ቅዱስ ጳውሎስ ቤተ ሰዎቹንና እርሱን ለይቶ መጥቀሱን፣ ለእርሱም «በዚያን ቀን» ብሎ መለመኑን አይተን ነው። በዚህ ክር አንጨርሰውም። ነገር ግን መታሰቢያው ኋላ የመጣ ልማድ እንዳይመስልዎት ሁለት ነገር ላንሣ። እንደ ጎርጎርዮስ አቈጣጠር በ407 ያረፈው ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በምሥጢራቱ ጊዜ ያንቀላፉትን ማሰብ ከሐዋርያት የተሠራ ሥርዓት መሆኑን አስተምሯል፤ ደግሞም ለሞተው ሰው ከእንባና ከወዮታ ይልቅ ጸሎትና ምጽዋት እንደሚጠቅመው ይሰብክ ነበር። በዚያው አቈጣጠር በ387 ከሮም አጠገብ በኦስትያ ያረፈችው የአውግስጢኖስ እናት ሞኒካም አገሯ አፍሪካ ነበረና ልጆቿ በባዕድ አገር መቀበሯ ሲያሳስባቸው፣ ሥጋዬን የትም ቅበሩት፣ በጌታ መሠዊያ ፊት ግን አስቡኝ ብላ እንደለመነች ልጇ ጽፎታል። ይህች እናት የጠየቀችው ሐውልት አልነበረም፤ ስሟ እንዲጠራ ብቻ ነው።

የጣቢታን ነገር ግን ከእርስዎ ወስጄ በስብከቴ እጠቀምበታለሁ።


ደንገል ቆራጭ

አባታችን ስለ ሐውልት ስላነሡ አንድ ነገር ልበል። እኔ በሥራዬ እንግዶችን በጀልባ ወደ ደሴቶቹ አደርሳለሁ። ዳጋ እስጢፋኖስ የነገሥታት ዐፅም አለ፤ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468)፣ ፋሲለደስ (1632–1667) እና ሌሎችም በሣጥን ሆነው ይታያሉ፤ ዓመታቱ እንደ ጎርጎርዮስ አቈጣጠር ናቸው። ፋሲል በጎንደር ያን የሚያህል ግንብ የሠራ ንጉሥ ነው፤ ማረፊያው ግን የግንቡ ግቢ ሳይሆን መነኮሳት ሌት ተቀን የሚጸልዩበት ደሴት ሆነ። በደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብም በቤተ መቅደሱ ሥዕል ላይ የሚታዩት በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ነው። ያን ሁሉ ሀብት ይዘው እንኳ ለመታሰቢያቸው የመረጡት ይህን ነው። ዛሬ በከተማችን በየአጥቢያው መቃብር ላይ እብነ በረድና ፎቶግራፍ ስንደረድር ይገርመኛል፤ የመቃብር ቦታው እየጠበበ ሄዶ አዲስ የሚቀበር ሰው ቦታ ሲያጣም እናያለን።


የዘጌ ልጅ

ሁላችሁንም አንብቤ ደስ ብሎኛል። እኛ ዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ የለም፤ አቡነ በትረ ማርያም እንዲህ አዘዋል ተብሎ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው፤ ኑሯችን በቡናው፣ በጌሾውና በሎሚው ነው። ስለዚህ ትልቅ ድግስ የሚደግስ ሰው እህሉንም ከብቱንም ከውጭ ገዝቶ በጀልባ ወይም በመንገዱ ማምጣት ነበረበት፤ በእኛ ዘንድ አንድ ተዝካር ቤት እንደሚያራቍት አያቶቻችን በደንብ ያውቁ ነበር።

አያቴ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሲወስዱኝ ሁልጊዜ የሚያቆሙኝ በበላዔ ሰብእ ሥዕል ፊት ነበር። 78 ነፍስ የበላ ሰው፣ ለተጠማ ድሃ በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ ስለሰጠ፣ ሚዛኑ ሲያጋድልለት ይታያል። አያቴ ማንበብ አይችሉም፤ ሥዕሉን ግን እንደ መጽሐፍ ያነቡልኝ ነበር። የእርሳቸውን መታሰቢያ እስከ ዛሬ የማደርገው በየካቲት 16 ነው፤ ለኪዳነ ምሕረት ከሚሰበሰበው ሰው መካከል ከሩቅ የመጣውንና የደከመውን መርጬ አበላለሁ፣ አጠጣለሁ። ከዚያ በላይ አቅም የለኝም፤ ቢኖረኝም የማደርገው ይህንኑ ይመስለኛል።

ለእናንተ የምለው አንድ ነገር ነው። የኔታ የቆሎ ተማሪ ሲያበሉ የኖሩ ሰው ከሆኑ፣ ተዝካራቸውን የቆሎ ተማሪ ይብላው። ባሕር ዳር ዙሪያ ባሉት ጉባኤ ቤቶች ዛሬም «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ የሚዞሩ ልጆች አሉ። ከተማው ስለሰፋ አጥሩና በሩ ተዘግቷል፤ ድምፃቸው በግንቡ ውስጥ አይሰማም። ድሮ የገጠሩ ሰው በሩን ክፍት ትቶ ነበርና ልጆቹ ቍራሽ አያጡም ነበር። አሁን ከቅኔው ይልቅ ረኃቡ ጉባኤውን ያስፈታዋል።


ከዋርካው ሥር

የጣና ዳር ተማሪ፣ ማን እንደሆንህ በአጻጻፍህ ዐወቅሁህ፤ «እንደ ገና ቍጠራት» የሚለውን ሳነብ የት እንደነበርሁ ጠፋኝ። እኔም ከእርሳቸው ጉባኤ የወጣሁ ነኝ፤ አሁን የምኖረው ከባሕር ዳር ውጭ ነው።

ስማቸውን አውቃለሁ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ዐይናቸው ሲደክም የጸሎት መጽሐፋቸውን እኔ አነብላቸው ነበር። መጽሐፉ በእጅ የተጻፈ ብራና ነው፤ በመጨረሻው ቅጠል ላይ እንደ ወጉ «ለዘጸሐፎ ወለዘአጽሐፎ ወለዘአንበቦ ወለዘተርጐሞ ወለዘሰምዐ ቃላቲሁ» ተብሎ ለጻፈው፣ ላጻፈው፣ ላነበበው፣ ለተረጐመውና ቃሉን ለሰማው ምሕረት ይለመናል፤ በዚያው ቅጠል ላይ የጸሐፊው ስም፣ የአጻፉት የየኔታ የምንኵስና ስም፣ ቀጥሎም የእርሳቸው መምህር ስም አለ። የኔታ ይህን ቅጠል ሳላነብ መጽሐፉን እንድዘጋ አይፈቅዱልኝም ነበር። የመምህራቸው ስም ላይ ስደርስ ብድግ ብለው ይቆማሉ፤ ከደከሙም በኋላ ግድግዳውን ይዘው ይነሡ ነበር። ስሙን በዚህ አደባባይ አልጽፈውም፤ በግል እልክልሃለሁ፤ ለቀሲስ አድርስ። መጽሐፉ አሁን በደብሩ ዕቃ ቤት ነው።

ከዚሁ ጋር አንድ ሐሳብ አለኝ። የኔታ ስለ መምህራቸው ያደረጉት ድግስ መኖሩን ሰምቼ አላውቅም። በየጉባኤው መጀመሪያ ግን ስማቸውን ያነሡ ነበር፤ የቅኔውን መንገድ ሲያስረዱም «ይህ የእገሌ መንገድ ነው፣ ይህ የእገሌ ነው» እያሉ እስከ ጥንቱ የቅኔ ሊቅ እስከ ጎንጁ ተዋነይ ድረስ ይቈጥራሉ። ልጆች ሳለን ስሙን ማስረዘማቸው ያሰለቸን ነበር። አሁን ሳስበው ያን የሰማ ሰው ሁሉ መታሰቢያቸውን ተቀብሎ ወጥቷል። ከእኛ መካከል ዛሬ ጉባኤ ዘርግቶ የሚያስተምር ስንት ነው? እርሳቸውን የሚያሳስባቸው ጥያቄ በሬው ይታረድ አይታረድ አልነበረም፤ ይህ ይመስለኛል። ካሰባሰብነው ገንዘብ ለደብሩ ጉባኤ ቤት የአንድ ክረምት ቀለብ ቢገባ፣ ከተረፈም የተማሪዎቹ ጎጆ ሣር ቢለወጥ፣ እኔ ድርሻዬን ከሁላችሁ አስቀድሜ እልካለሁ።


ኀዘንተኛ

ይቅርታ፣ ከክሩ ትንሽ ልወጣ ነው። አባቴ ካረፈ ገና ወር አልሞላውም። ሰዎች «ክርስቲያን እንዲህ አያለቅስም» ይሉኛል። እኔ ግን ወደ ሐይቁ ወርጄ ብቻዬን አለቅሳለሁ። ይህ እምነት ማጣት ነውን?


ወለተ ኪዳን

እኅቴም ሆንህ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ። በአልዓዛር መቃብር አጠገብ ኢየሱስ እንባውን አፍስሷል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደሚያስነሣው እያወቀ ነው ያለቀሰው። ቅዱስ ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች የጻፈው «አታልቅሱ» ብሎ አይደለም፤ ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች አትዘኑ ነው ያለው። ፊት መቧጨሩን፣ ደረት መድቃቱን አባቶች ይከለክላሉ። እንባውን ግን የሚከለክል የለም። ብቻህን አትሁን እንጂ አልቅስ። የአባትህን ስመ ክርስትና ከአሁኑ በወረቀት ጻፍ፤ እናትህንና አክስቶችህንም ጠይቀህ የአያቶችህን ጨምርበት። በእኛ ቤት አያቴን የሚያስታውስ ሰው ሁሉ ካለፈ በኋላ ስሟን የሚነግረን አጥተን ብዙ ተቸግረናል።


የጣና ዳር ተማሪ

ስሙ ደርሶኛል፤ ለቀሲስም አድርሻለሁ። ወንድሜ ከዋርካው ሥር፣ ስለ ብራናው የጻፍኸውን ለጓደኞቻችን በስልክ አነበብሁላቸው፤ በሬ ይታረድ ሲል የነበረው ራሱ ዝም አለና «የሣሩን ሥራ እኔ ልያዘው» አለ። ገንዘቡ ለሕንጻው ይሰጥ ያለው ጓደኛችን ግን አልተረታም፤ ጉባኤ ቤቱም የደብሩ ሕንጻ ነው እያለ ይከራከራል። በዚህ ግማሽ እውነት ስላለው ተውነው።

የተስማማነውን ልጻፍ። ቀኑ በጥቅምት አጋማሽ የሚውል እሑድ ነው፤ ክረምቱ ስለሚወጣ መንገዱ ይደርቃል። ጊዜው ዘመነ ጽጌ ስለሆነ ሊቃውንቱ ቅዳሜ ሌሊቱን በማኅሌተ ጽጌ ቆመው ያድራሉ፤ ከቅዳሴ በኋላም ፍትሐቱና ጸሎቱ ይደረጋል። በጽጌ የፈቃድ ጾም የሚጾሙ መነኮሳትና ምእመናን ስላሉ ምግቡ የጾም ይሆናል፦ ሽሮ፣ ምስር፣ ስልጆ፣ ዳቦና ንፍሮ። ስለዚህ የበሬው ክርክር በራሱ ጊዜ አለቀ ማለት ነው። መጀመሪያ የሚቀመጡት የጉባኤ ቤቱ ተማሪዎችና ነዳያን ይሆናሉ፤ እኛ እናስተናግዳለን፤ ከተማ ለከተማ የሚዞር የጥሪ ካርድ አይኖርም። ከተበላ በኋላ፣ ከወንጌላዊ ወንድማችን እንደሰማነው፣ የኔታ ያስተማሯቸው እየተነሡ አንዳንድ ነገር ይናገራሉ፤ «ደግ ነበሩ» ማለት ክልክል ነው። ቅኔ የቀረበለት ካለ ቅኔውን ያበርክት። እኔ ከተውሁ ብዙ ዘመን ሆኖኛልና የሚያርመኝ ብፈልግ አይፈረድብኝም።

ቀሪው ገንዘብ ለተማሪዎቹ ቀለብ ይውላል። ከጓደኞቻችን ሁለቱ ካህናት ደግሞ የአካባቢውን ልጆች ወደ ጉባኤው ለማምጣት ከወላጆች ጋር እንነጋገራለን ብለዋል፤ ይሆንላቸው እንደሆነ እናያለን። ዛሬ ልጁን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ቅኔ ቤት የሚሰድድ ወላጅ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ከትምህርት ቤት መልስና በክረምት ይማሩ የሚል ሐሳብም ተነሥቷል።


ወንጌላዊ ከባሕር ዳር

በጸሎቱ ሰዓት ባልገኝም፣ ለምሳው ሰዓት ደርሼ ወጥ በማቅረብ ባግዝ የሚከፋው ይኖራልን? ለተማሪዎቹም ደብተርና እስክርቢቶ ይዤ እመጣለሁ።


የጣና ዳር ተማሪ

ማን ይከፋዋል? በደስታ ይምጡ። ወጡን ግን ተማሪ ፊት ሲያቀርቡ ጭልፋውን እንዳይቈጥቡ።


የዘጌ ልጅ

ቡናውን እኔ አመጣለሁ፤ የራሳችን ጫካ ቡና ነው። የሚቈላና የሚወቅጥ ሰው ግን ከወዲያ አዘጋጁልኝ። ከዘጌ በጀልባ እስከ ባሕር ዳር፣ ከዚያም በመኪና ስለምመጣ ለቅዳሴው እንድደርስ ቅዳሜ ማታ የማድርበት ቤት ብታሳዩኝ ደግ ነው።


ወለተ ኪዳን

እኔ ቤት ያድራሉ እኅቴ። ንፍሮውንም አብረን እንቀቅላለን።


ቀሲስ ዘጣና

ለደብሩ አስተዳዳሪ ደውያለሁ፤ ፈቅደዋል። የመጽሐፉንም ነገር ነግሬአቸው ከዕቃ ቤት አውጥተው ቅጠሉን አይተውታል፤ ስሙ ወንድማችን ከጻፈው ጋር አንድ ነው። እርስዎ የጣና ዳር ተማሪ፣ የኔታንና የመምህራቸውን ስም በአንድ ወረቀት ላይ በንጹሕ ጽፈው፣ ቅዳሴ ከመገባቱ በፊት ቅዳሴውን ለሚመራው ለገባሬ ሠናዩ ካህን ይስጡ። ሌሎቻችሁም ያረፉ መምህራኖቻችሁንና ወላጆቻችሁን ስመ ክርስትና ጽፋችሁ ብትመጡ በዚያው ይታሰባሉ። የዓለም ስም አትጻፉ፤ ዐሥርና ሃያ ሰው በአንድ ወረቀት ላይ አጣብቃችሁም አትጻፉ፤ በጧፍ ብርሃን ነው የሚነበበው።